ሽፋኑ ላይ የወጣችው ሴት

ያን ጊዜ ወረታ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የሠርግ አልበም እሠራለሁ፣ ለሱቆች ባነር አዘጋጃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ባሕር ዳር ሁለት ዓመት ዲዛይን ተምሬ ስለተመለስኩ ከከተማው ፎቶ አንሺዎች ሁሉ የተሻልኩ ይመስለኝ ነበር። መምሰል ብቻ አይደለም፣ ለሰውም እናገረው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ላደረስኩት ነገር አለማወቅን ሰበብ እንዳላደርግ ብዬ ነው። ያጠፋሁት በትዕቢት ነው።

ደምለው የሚባል ዘፋኝ ጓደኛ ነበረኝ። በሠርግ በሠርግ እየዘፈነ ስሙ እስከ አንበሳሜ ድረስ የታወቀ ልጅ ነው። በዚያ ክረምት የመጀመሪያ አልበሙን ቀርጾ ጨረሰ። ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ በሚዞርበት ዘመን ሲዲ ማሳተም ምን ይረባሃል ብለው የመከሩት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን በእጅ ያልተያዘ ዘፈን እንደ ወሬ ነው ይል ነበር። ሽፋን ያለው፣ ውስጡ ግጥሞቹ የታተሙባት ታጣፊ ወረቀት ያለችው፣ ጀርባው ላይ የዘፈኖቹ ስም በተራ የተጻፈበት ሲዲ ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስለት ፈለገ። ሽፋኑን እንድሠራለት ለእኔ ሰጠኝ።

እሱ ያሰበው እንደ ሌሎቹ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጎ ይቆማል፣ ከኋላው ጣና ይታያል፣ ከጎኑ ፈረስ ይገባል፣ ከእግሩ ሥር የሩዝ ነዶ ይደረደራል። ወደ ሙዚቃ ቤቱ ወስጄ መስኮቱ ላይ የተሰቀሉትን ሽፋኖች አሳየሁት። መነጽሩ፣ ፈረሱ፣ ሐይቁ፣ ሁሉም አለ፤ አንዱን ከአንዱ መለየት ያስቸግራል። ያንተ መንገደኛን የሚያቆም ይሁን አልኩት። የአልበሙ ስም «የፎገራ ጭቃ» ነበር። ለዚህ ስም የሚሆን ፎቶ ደግሞ ነበረኝ።

ፎቶውን ያነሳሁት በሚያዝያ ነው። ይፋግ ገበያ ውዬ ስመለስ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሸክላ ሠሪዎች በሚኖሩበት መንደር አለፍኩ። አንዲት አሮጊትና ሴት ልጃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እንስራ ያበጃሉ። ልጅቱ ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ላንሳችሁ ብዬ ስጠይቅ እናትየዋ ግድ አልነበራቸውም። ልጅቱ ግን ነጠላዋን በክንዷ እስከ አፍንጫዋ ሳበችና «እጄን አንሳ። ፊቴን ግን አታንሳ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጭቃውን ስትጠፈጥፍ፣ አፉን ስታለሰልስ፣ እጇን ደጋግሜ አነሳሁ። ቆይቶ እናትየዋ አንድ ነገር ተናገሩና ልጅቱ ከልቧ ሳቀች። ነጠላው ወደቀ። ፊቷ ላይ የመጣውን ጸጉር በእጇ ጀርባ ወደ ኋላ ስትመልስ ካሜራውን ከፍ አድርጌ አነሳኋት። ሳላስብ ነው አልልም። ድምፁን ሰምታ ቀና አለች።

«እጅሽን ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሽፋኑን የሠራሁት በዚያች ፎቶ ነው። ፊቷ ሙሉውን ሞላው፤ የአልበሙን ስም በጭቃ ቀለም ከታች ጻፍኩት። ጀርባው ላይ የእጆቿን ፎቶ አድርጌ የዘፈኖቹን ስም በላዩ ደረደርኩ። ግጥሞቹ ባሉባት ታጣፊ ወረቀት መጨረሻ ላይ የእኔን ስምና የፎቶ ቤቴን አድራሻ አሰፈርኩ። ደምለው መጀመሪያ እኔ የታለሁ ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ፎቶዋን ረዥም ጊዜ አየና ይሁን አለ። ሄጄ ላስፈቅዳት የሚል ሐሳብ አንድ ጊዜ መጥቶብኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ማን ያውቃታል፣ እሷስ ሲዲ የት ታያለች ብዬ ተውኩት። ባሕር ዳር ታትሞ መጣ። ትልልቅ ፖስተሮችም አሳተምንና በወረታ፣ በይፋግ፣ በአንበሳሜ በየግድግዳው ለጠፍናቸው።

ጳጉሜ ገብቷል። ዝናቡ ቀነስ ቢልም ሜዳው ገና ውኃ እንደተኛበት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ገበሬ ወደ ፎቶ ቤቴ ገባ። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆነዋል፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል፤ ግንባሩ ላይ ረዥም ጠባሳ አለው። እንደምን አደርክ ብሎኝ ከጋቢው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሲዲ አወጣ። የእኛው ነው።

«ይቺን ፎቶ ያነሳህ አንተ ነህ?»

አዎ አልኩት ደስ ብሎኝ። ፎቶ ቤቴ ድረስ የመጣ የመጀመሪያው አድናቂ መሰለኝ።

«ሴቲቱን አልብሰህ፣ ቀባብተህ፣ ሸክላ ሠሪ አስመስለህ ነው? እንዲህ ይደረጋል አሉኝ።»

እንዲያ ማለቱ ትዕቢቴን ነካው። እኔ ሰው አስመስዬ አላነሳም፣ የማነሳው እውነቱን ነው አልኩት። እናቷ ደጃፍ ላይ ሥራዋን ስትሠራ ነው ያገኘኋት አልኩ።

«የት?»

«ይፋግ። ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ።»

«እናቷ አለች?»

«አሉ እንጂ። ቁርጥ እሷን ናቸው።»

ሰውየው ሽፋኑን ዝቅ ብሎ አየው። «እናቷ አለች» አለ እንደገና፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ሲዲውን በፌስታሉ መልሶ ጠቀለለ፤ እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀ ጫፍ ጫፉን አስተካከለ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ ወጣ። እኔም ጎረቤቴ ላለው ልብስ ሰፊ ገበሬ ሳይቀር ሥራዬን ሊያደንቅ እንደመጣ አወራሁለት።

አምስት ሰዓት ሲሆን አሮጊቷ መጡ። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ነጠላቸው ርሷል፤ ብብታቸው ሥር የተቀደደ ፖስተር ይዘዋል። በራፉ ላይ ቆሙ እንጂ ግቡ ብላቸውም አልገቡም። ፖስተሩን ሲዘረጉት የልጃቸው ፊት እኩሌታ ወጣ። ማንበብ ስለማይችሉ ይፋግ ላይ ሰው ስሜን አንብቦላቸው፣ በሚኒባስ ወረታ ደርሰው፣ እየጠየቁ ነው ያገኙኝ።

ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሊለምኑኝ ነው የመጡት። ነገሩን ባጭሩ ነገሩኝ። ልጅቱ በአሥራ አራት ዓመቷ አንበሳሜ ሰው ቤት ልትሠራ ሄደች። እዚያ እያለች የቁሐር ሚካኤል ገበሬ አይቶ ወደዳት። ዘመዶቹ አጥንት ሲጠይቁ አሠሪዋ የሞተችው እህቴ ልጅ ናት ብላ ዳረቻት። ስድስት ዓመት ሆናቸው። አንድ ልጅ አላቸው። አክስቴን ልጠይቅ ብላ በዓመት ሁለት ጊዜ ትወጣና አንዱን ቀን እናቷ ጋ ትውላለች። ልጇን ግን አፏን ከፈታች ወዲህ አምጥታት አታውቅም፤ ትናገራለች ብላ ትፈራለች።

«ለእነሱ እኔ የሞትሁ ነኝ» አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። «ሞቼ መኖሩን ለምጄዋለሁ። አሁን ይህን ከየግድግዳው አውርድልኝ፣ ልጄ። የቁሐር ሰው ገበያ ሳይወጣ።»

የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ ማስረዳት አያስፈልገውም። ለሌላው አንባቢ ግን ልናገር። ከሠሩት እንስራ ውኃ እየጠጣን፣ ከሠሩት ድስት ወጥ እየበላን ሸክላ ሠሪዎቹን ቡዳ ናቸው የምንል ሰዎች ነን። ልጅ አንድርላቸውም፣ ልጃቸውን አናገባም። እኔም በዚሁ አድጌያለሁ። የእነሱን ፎቶ ሳነሳ ውለታ የዋልኩላቸው ይመስለኝ ነበር።

ባልየው ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅኳቸው። ልቤ አስቀድሞ አውቆት ነበር።

«አይቼው አላውቅም» አሉ። «ግንባሩን በሬ ወግቶታል ትለኛለች።»

ነገርኳቸው። ጠዋት እንደመጣ፣ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አሮጊቷ የበሩን መቃን ያዙ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልረገሙኝም። «ተነሥ፣ እንሂድ» አሉኝ።

በባጃጅ እስከ ቁሐር መገንጠያ ሄድን። ከዚያ ወዲያ ተሽከርካሪ አይገባም። ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ መንገዱ ግን ውኃ ነው። አሮጊቷ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙና ከፊቴ ከፊቴ ሄዱ። እኔ በየእርምጃው እየተዘፈቅኩ ከኋላ ቀረሁ። በመንገድ ላይ የጠየቁኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ከቤቴ ሲወጣ ተቆጥቶ ነበር ወይ አሉኝ። አልተቆጣም፣ አመስግኖኝ ነው የወጣ አልኳቸው። ይህ ይበልጥ አስፈራቸው መሰለኝ እርምጃቸውን አፈጠኑ። እኔ ደግሞ እየሄድኩ አንድ ውሸት አዘጋጅ ነበር።

መንደሩ ሲታይ አንዲት ዋንዛ ሥር ቆሙ። ከዚህ አላልፍም አሉ። የልጃቸው ቤት የትኛው እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ለብቻዬ ሄጄ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ቤት የቱ ነው ብዬ ሴቶችን ጠየቅኩ፤ እነሱም በእጃቸው አመለከቱኝ።

ደጃፉ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የባልየው አባት መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ሲዲው ከፌስታሉ ወጥቶ መሀላቸው ተቀምጧል። ባልየው ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። እሷ ከክዳኑ ጠርዝ በታች፣ ዝናብ ከሚንጠባጠብበት አጠገብ ቆማለች፤ ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛለች። ስታየኝ አወቀችኝ።

ወደ አባትየው ቀረብ ብዬ እጅ ነሣሁ። «አባቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁ» አልኩ። ከዚያ ያዘጋጀሁትን ማውረድ ጀመርኩ። ይቺን ሴት አንበሳሜ ገበያ ላይ ሳታየኝ አንስቻት ነበር፤ እጁና ቤቱ ግን የይፋግ ሴት ነው፤ ሁለቱን በኮምፒዩተር ቀጥዬ አንድ አደረግኳቸው አልኩ። እንዲያምኑኝ ስልኬን አውጥቼ አንድ የሠርግ ፎቶ አሳየኋቸው። ሙሽሮቹ ከወረታ ወጥተው አያውቁም፤ እኔ ግን ጎንደር፣ ፋሲል ግንብ ፊት አቁሜያቸዋለሁ። ስልኩ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ዞረ። አንደኛው፣ ዘንድሮ ሰው ሳይሄድ ሄደ ይባላል አሉ። አባትየው ፊታቸው ፈታ ሲል አየሁ።

«ጠዋት እናቷ ደጃፍ ነው አልከኝ» አለ ባልየው።

«ልፎክርብህ ብዬ ነው።»

ተመለከተኝ። ሊያምነኝ እንደፈለገ ዓይኑ ላይ አየሁ። ትንሽ ብገፋበት ያምነኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንዲያ ይመስለኛል።

እሷ ግን እኛን አታይም ነበር። ዓይኗ ከሩዙ ማሳ ማዶ ነው። ዝናቡ ጠንከር ብሏል፤ ዋንዛዋ ሥር አንዲት ትንሽ ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች።

«አባ» አለች አማቷን። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ይዋሻል። ፊቱም የእኔ ነው፣ እጁም የእኔ ነው። እዚያ ዛፍ ሥር የቆመችው እናቴ ናት። ዝናብ እየመታት ነው።»

ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞሮ አየ። ከቤት ውስጥ አንዲት ሴት «በስመ አብ» ስትል ሰማሁ። በራፍ ላይ የነበረች ሌላዋ ልጇን ወደ ኋላዋ ሳበችው። አባትየው «ስድስት ዓመት ከእጇ በላሁ» አሉ፤ ተነሥተው ጀርባቸውን ሰጧት። ውጪ አላሏትም። የሚቀረውን ሁሉም ያውቀው ነበር።

ልጇን አንስታ አዘለች፣ በነጠላዋ አጥብቃ አሰረች፣ ወደ ውኃው ገባች። ሌላ አንድም ዕቃ አልያዘችም። ባልየው ከምሰሶው አንድ እርምጃ ወጣ። አባቱ ስሙን አንድ ጊዜ ጠሩት። ቆመ። እዚያው እንደቆመ ቀረ።

ከኋላዋ ስሄድ ሳትዞር «አትከተለኝ» አለችኝ። ማሳው መሀል ቆምኩ። ዋንዛዋ ሥር ስትደርስ አልተቃቀፉም። አሮጊቷ ጫማቸውን መሬት ላይ ጣሉ፣ የልጅ ልጃቸውን ከጀርባዋ ተቀበሉ፣ ፊቷን በመዳፋቸው ጠረጉና ያዩት ጀመር። ሦስቱም ተያይዘው እስኪርቁ ድረስ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቅኩም።

በማግሥቱ ደምለውና እኔ ፖስተር ስንገነጥል ዋልን። አልተቻለም። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሄዷል። ሲዲውን «ያቺ ሴት ያለችበት» እያለ የሚጠይቅ ሰው በዛ። ዘፈኑን ለመስማት ሳይሆን ፊቷን ለማየት ገዙት። ደምለው ያን ሁሉ ዓመት የለፋበት ድምፅ ፊት ተብሎ ተሸጠ። በኋላ ሽፋኑን በራሱ ፎቶ አስቀይሮ አሳተመ፤ መነጽሩም፣ ፈረሱም ገባ። ያን የፈለገ አልነበረም። የቀሩትን የድሮ ሽፋኖች በማዳበሪያ ሞልቶ ደጄ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ሰላምታ እንሰጣጣለን፤ ጓደኝነቱ ግን እዚያ ላይ አበቃ። ሽፋኖቹን አቃጠልኳቸው። ስልክ ውስጥ የገባውን ግን የሚያቃጥለው የለም። ዘፈኑን የከፈተ ሁሉ ዛሬም ፊቷን ያያል።

ባልየው አምስት ወር ሳይታይ ቆየ። በየካቲት አንድ ቀን ይፋግ ወርዶ አማቱ ቤት ገባ፣ ተቀመጠ፣ የቀረበለትን በላ። አገር ጉድ አለ። አሁን ባልና ሚስቱ ከልጃቸው ጋር ወረታ ዳር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ እሱ ሩዝ መፈልፈያ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። መሬቱን አባቱ ለወንድሙ ሰጡበት። ሰው ይህን ሲሰማ እሰይ፣ መጨረሻው አማረ ይለኛል። እኔ ሲመሽ ጀርባው ጎብጦ በቤቴ ደጃፍ ሲያልፍ አየዋለሁና እሰይ ማለት አልቻልኩም።

ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ፎቶሽን ሳልጠይቅሽ በማውጣቴ ጥፋተኛ ነኝ አልኳት።

«እሱ አንዱ ነው» አለችኝ። «ሁለተኛው ሽማግሌዎቹ ፊት የዋሸኸው ነው። አንዴ ሳትጠይቀኝ አወጣኸኝ፣ አንዴ ሳትጠይቀኝ ልትደብቀኝ መጣህ። ሁለቱንም ጊዜ እዚያው አጠገብህ ነበርኩ።»

ይቅር ብያለሁ አለችኝ፤ ሽማግሌውም መረቁን። ግን ከዚያ በኋላ ስንገናኝ ዓይኗን ከእኔ ላይ ቶሎ ታነሳለች። አልፈርድባትም።

አንባቢዎቼ፣ ሰውን የሚጎዳው ሐሰት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ ፎቶ ግን እውነት ነበረች። አንዲትም ነገር አልጨመርኩባትም። ስለዚህም ነው ለዓመታት ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የአገሩ ክፉ ልማድ ነው እያልኩ ራሴን ያጽናናሁት። ልማዱ ክፉ ነው፤ ይህን ለማንም እናገራለሁ፣ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበትም ተናግሬ የተቀየሙኝ አሉ። ነገር ግን ያንን ልማድ በራሷ ጀርባ እንድትሸከመው ቀኑን የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። የምትናገርበት ቀን የእሷ መሆን ነበረበት። ምናልባት ልጇ ስታድግ፣ ምናልባትም ጭራሽ ላትናገር። እናንተም ዛሬ በኪሳችሁ ካሜራ የያዛችሁ ሁሉ፣ ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ደጃፍ ላይ ያያችሁትን ፊት ስታነሱ፣ ያ ፊት የት ደርሶ ማንን እንደሚያገኝ አታውቁም። እኔ አላወቅኩም ነበር።

ዛሬም ሽፋን እሠራለሁ። ሥራው ቀንሷል፤ አብዛኛው ለስልክ የሚሆን ትንሽ ምስል ነው። ሰው ካለበት ባለቤቱ ዘንድ ሄጄ የተጠናቀቀውን አሳያለሁ፤ አይሆንም ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ ትቼዋለሁ።

ይህንንም ልጽፍ ስነሣ ቤቷ ሄጄ ነበር። ያሰብኩትን ሁሉ ነገርኳት። እናቷም እዚያው ነበሩ። ጥቂት አሰበችና ታሪኩን ጻፈው፣ ስሜን ግን ተወው አለችኝ። አገሩ ሁሉ እንደሚያውቃት እሷም እኔም እናውቃለን። ቢሆንም አልጻፍኩትም።